እንቅልፍ የማይወስደው ጂፒኤስ፦ የላም አንገት መከታተያ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ከብት የሚያረባ ወዳጅ አለኝ። አንዷ ላም ከመንጋው እየተነጠለች አስቸገረችው። አንገቷ ላይ የሚታሰር መከታተያ ልሠራለት ቃል ገባሁ። ውላችን አጭር ነው። በየ15 ደቂቃው ያለችበትን ቦታ ይመዝግብ፣ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ 60 ቀን ይቆይ። ባትሪው 800 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ጠፍጣፋ ሊቲየም ነው። ከዚያ የሚከብድ ነገር አንገቷ ላይ መስቀል አልፈልግም። መላኪያ ሬዲዮውን ለጊዜው ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ጂፒኤሱ አደብ ይግዛ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ የጂፒኤስ ሞጁል፣ ማጉያ ያለው አንቴና፣ ኮዴን የሚያሄድ ትንሽ ቺፕ (ማይክሮኮንትሮለር)ና 3.3 ቮልት የሚሰጥ ሬጉሌተር አለ። የመጀመሪያ ሥራዬ የሞጁሉን ቀይ መብራት በብየዳ ብረት መንቀል ነበር። ላሟ መብራት አታነብም። 2.6 ሚሊአምፔር በነጻ ተገኘ።

ከዚያ መለካት ጀመርኩ። መልቲሜትሩን መስመሩ ላይ በተከታታይ አስገባሁት። ሞጁሉ ሳተላይት መፈለግ ሲጀምር ድርግም ይላል፣ ይነሳል፣ እንደገና ድርግም። ግማሽ ሰዓት ኮዴን ስረግም ቆየሁ። ጥፋቱ የመልቲሜትሩ ነበር። የሚሊአምፔር መስመሩ የራሱ ሬዚስታንስ ስላለው ቮልቴጁን ያወርደዋል፤ ሞጁሉም ይራባል። አወጣሁትና በምትኩ 1 ኦም ሬዚስተር ከተትኩ። ሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በኦሲሎስኮፕ፣ ቮልቴጅን በመስመር በሚስለው መሣሪያ፣ አያለሁ። 1 ሚሊቮልት ማለት 1 ሚሊአምፔር ነው፤ ስሌት የለም።

ሲፈልግ 52 ሚሊአምፔር፣ ካገኘ በኋላ 44። 800 ለ44 ሲካፈል 18 ሰዓት ነው። 60 ቀን ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ለምን እንዲህ ይበላል? ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎሜትር ላይ ናቸው። ሲግናላቸው መሬት ሲደርስ ከአንድ ዋት አስር ሺህ ትሪሊዮን እጅ አንዱ ያህል ነው። ከጫጫታው በታች ተቀብሯል። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱ ኮድ አለው፤ 1023 ቁራጭ፣ በአንድ ሚሊሰከንድ አልቆ እንደገና የሚጀምር። ተቀባዩ የዚያን ኮድ ቅጂ ይዞ እያንሸራተተ ይሞክራል። እዚህ ጋ ይገጥማል? እዚህስ? በግማሽ ቁራጭ ርምጃ ቢሄድ 2046 ሙከራ ነው። ሳተላይቱ ስለሚሮጥ ፍሪኩዌንሲውም እስከ 5 ኪሎኸርዝ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሸሻል። ያንን በ500 ኸርዝ ርምጃ ብንከፍለው 21 ቦታ ይወጣዋል። 2046 በ21 ሲባዛ 43 ሺህ ገደማ ሙከራ ይመጣል። ይህ ለአንድ ሳተላይት ብቻ ነው። እንኳን 52፣ 100 ቢበላም አልፈርድበትም።

ቀን 2

የቺፑ መመሪያ ሁለት ዓይነት ቁጠባ ያቀርባል። እኔ በራሴ ቋንቋ ማንቀላፋትና መተኛት ብያቸዋለሁ። ሲያንቀላፋ ሳተላይቶቹን ከእጁ አይለቅም፤ በየሰከንዱ ለአፍታ ጆሮውን ከፍቶ ይዘጋል። ሲተኛ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጠፋና ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በድሮዎቹ የሲርፍ ቺፖች ማንቀላፋቱ ትሪክል ፓወር ይባል ነበር። ሌላው ቺፕ ሠሪ ሚዲያቴክ ደግሞ እንደ ሁኔታው ራሱ የሚወስነውን ኦልዌይስ ሎኬት ብሎታል።

ዛሬ ማንቀላፋቱን ሞከርኩ። ሞጁሉ እንደተነሳ ትእዛዙን ላክሁ። ተቀበልኩ አለ። ከረንቱ ግን 44 ላይ ቁጭ። እንደገና ላክሁ። 44። ትእዛዙን አልሰማም ብዬ ስጨቃጨቅ ከቆየሁ በኋላ ሻይ ላፈላ ሄድኩ። ስመለስ ወርዷል።

ለካ መጀመሪያ የሚጨርሰው ሥራ ነበረው። ቦታ ለማስላት የእያንዳንዱ ሳተላይት ትክክለኛ ምሕዋር፣ ማለትም ኤፌሜሪስ የሚባለው መረጃ ያስፈልጋል። ሳተላይቱ ይህን የሚያወርደው በሰከንድ 50 ቢት ነው። አንድ ዙር 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ የሳተላይቱ የራሱ ሰዓትና ኤፌሜሪስ ያለው በመጀመሪያዎቹ 18 ሰከንዶች ውስጥ ነው። የሁሉም ሳተላይቶች ግምታዊ ምሕዋር የያዘው አልማናክ ተሟልቶ እስኪወርድ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል። ቺፑ የሚያስፈልገውን ሳይሰበስብ አያንቀላፋም። ትክክል ነው፤ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ኦሲሎስኮፑ ላይ ማየቱ ደስ ይላል። ቀጥ ያለው መስመር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆነ። አማካዩ 17 ሚሊአምፔር ነው። ከዚህ ውስጥ 7ቱ የአንቴናው ማጉያ ነው፤ እሱ ሳያቋርጥ ይጠጣል።

እጄን በአንቴናው ላይ ጫንኩ። ጥርሶቹ ሰፉ፣ ተጠጋጉ፣ ከዚያ ተገጣጥመው ግንብ ሆኑ። 52። እጄን አነሳሁ። ወዲያው አልተመለሰም፤ ትንሽ አመነታና እንደገና ማበጠሪያ ሆነ። ሲግናል ሲደክምበት ቁጠባውን ትቶ ይነቃል ማለት ነው። ዛፍ ሥር የምትውል ላም ይህን ነገር ቀኑን ሙሉ ታደርግበታለች።

በየትኛውም ሁኔታ 17 ሚሊአምፔር ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። ወደ መተኛቱ።

ቀን 3

ተኛ አልኩት። መመሪያው በማይክሮአምፔር የሚቆጠር ቁጥር ይናገራል። ያነበብኩት 7.1 ሚሊአምፔር ነው። ወይ ጉድ።

ቺፑ በእርግጥ ተኝቷል። ያልተኛው አንቴናው ነው። በዚህ ቦርድ ላይ ማጉያው የሚመገበው በቀጥታ ከ3.3 ቮልቱ መስመር ስለሆነ ቺፑ ተኛ አልተኛ ግድ የለውም። አንዳንድ ሞጁሎች አንቴናውን እንዲያጠፋ የሚያዝ እግር (ፒን) አላቸው፤ የእኔ ቦርድ ላይ ያ እግር የትም አልተወሰደም።

ስለዚህ ሁሉንም ከምንጩ ለመቁረጥ ወሰንኩ። ሬጉሌተሩና ሞጁሉ መካከል አንድ ሞስፌት፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በየድኩ። ማይክሮኮንትሮለሩ ሲፈልግ ይከፍታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል። አንቴናውም አብሮ ይጠፋል።

ዘጋሁት። 1.1 ሚሊአምፔር።

መብራቱ ጠፍቶ ቆጣሪው የሚዞርበት ቤት ሆነብኝ። አንድ በአንድ ሽቦ እየነቀልኩ ሄድኩ። የመረጃውን መስመር ስነቅል ዜሮ ወረደ። ማይክሮኮንትሮለሩ ከሞጁሉ ጋር የሚነጋገርበት ፒን ሥራ በሌለው ጊዜ 3.3 ቮልት ላይ ይቆማል። ያ ቮልቴጅ በሞጁሉ መከላከያ ዳዮድ በኩል ሾልኮ ይገባል። ዋናውን በር ቆልፌ የጓሮውን ክፍት ትቼ ነበር። ይህ ከረንት ማባከን ብቻ አይደለም። ሞጁሉ አልሞተም አልዳነም ሆኖ ስለሚቆይ መልሼ ስከፍተው አንዳንዴ አልነሳም ይላል። አሁን ኮዱ ኃይሉን ከመቁረጡ በፊት ፒኑን ወደ ዜሮ ያወርዳል።

በእንቅልፍ ላይ 24 ማይክሮአምፔር። በዚህ ቁጥር ተኝቼ ማደር እችላለሁ።

ቀን 4

ቸኩዬ ነበር። በእያንዳንዱ መነሳት ቦታውን ለማግኘት 33 ሰከንድ ይፈጃል። ሁልጊዜ። ጂፒኤሱ በየ15 ደቂቃው እንደ አዲስ እየተወለደ ነው።

ተቀባይ ሲነሳ ሦስት ዓይነት ሁኔታ ሊገጥመው ይችላል። ሰዓቱን፣ ግምታዊ ቦታውን፣ አልማናኩንና ኤፌሜሪሱን ካስታወሰ ትኩስ ጅማሬ ነው፤ በሰከንድ ገደማ ያገኛል። ኤፌሜሪሱ ካረጀበት ለብ ያለ ነው። ምንም ካላስታወሰ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰማዩን ከባዶ ያስሳል፣ ከዚያ ያችን በሰከንድ 50 ቢት የምትንጠባጠብ መረጃ ይጠብቃል። የኔው ቀዝቃዛ ነው።

ትውስታው የሚቀመጠው ባክአፕ የሚባል እግር ኃይል እስካገኘ ድረስ ነው። ቦርዱ ላይ ለዚሁ የተቀመጠች እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ባትሪ አለች። ለካሁዋት። 0.4 ቮልት። ሞታለች፤ ምናልባት ከፋብሪካ ስትወጣም ነፍስ አልነበራትም። ነቅዬ ጣልኳትና የባክአፕ እግሩን በቀጥታ ከሬጉሌተሩ ጋር አገናኘሁት፤ ከሞስፌቱ በፊት ካለው ጎን።

አሁን ከተነሳ በአንድ ሰከንድ ገደማ ቦታ ይሰጣል። የመጀመሪያዋ ነጥብ ግን ትዘላለች፤ አንዴ ከጠረጴዛዬ ብዙ ሜትር ርቃ ሜዳ ላይ አስቀመጠችኝ። ሁለት ሰከንድ ታግሼ ሦስተኛዋን እወስዳለሁ። በጠቅላላው 3 ሰከንድ።

ቀን 5

የብየዳ ብረቱ አልሞቀም ዛሬ። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ።

አንድ ትኩስ መነሳት 3 ሰከንድ በ45 ሚሊአምፔር ነው፤ 135 ሚሊአምፔር ሰከንድ። በቀን 96 ጊዜ ሲነሳ 3.6 ሚሊአምፔር ሰዓት። ቀዝቃዛ ቢሆን ኖሮ 33 ሰከንድ ነበር፤ በቀን 39.6። ቀኑን ሙሉ የሚተኛበት ደግሞ፣ 24 ማይክሮአምፔር በ24 ሰዓት፣ 0.58 ብቻ።

ይህን ሳይ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የለፋሁበት ነገር ትንሽ አሳፈረኝ። 24 ማይክሮአምፔሩን ወደ 12 ለማውረድ አዲስ ሬጉሌተር ላስመጣ ነበር። የማተርፈው በቀን 0.29 ነው። አንድ ቀዝቃዛ መነሳት ብቻውን 0.41 ይበላል። የሚያስወጣው መተኛቱ ሳይሆን መንቃቱ ነው።

ሌላም ነገር ቆጠርኩ። ማንቀላፋት በሰከንድ 17 ሚሊአምፔር ሰከንድ ያስወጣል፤ አንድ መነሳት 135። ሁለቱ የሚተካከሉት 8 ሰከንድ አካባቢ ነው። ከዚያ ባነሰ ጊዜ ቦታ የሚፈልግ ሰው ያንቀላፋ፤ ከዚያ በላይ የሚታገስ ይተኛ። የቺፑ መመሪያም ድንበሩን 10 ሰከንድ ላይ ነው ያሰመረው። ከፋብሪካው ጋር እዚህ ድረስ መቀራረቤ አስደሰተኝ።

ቀን 6

ሌሊቱን ግቢ ውስጥ፣ ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ አሳድሬው ነበር። ጠዋት መዝገቡን ከፈትኩ። 3 ሰከንድ፣ 3 ሰከንድ፣ 3፣ 3፣ 4፣ 3። ከዚያ 9። ከዚያ 31። ከዚያ 34። እንደገና 3።

ኤፌሜሪስ ይበላሻል። የአንድ ሳተላይት ኤፌሜሪስ ለ4 ሰዓት ገደማ ነው የሚታመነው። ሳተላይቶቹም ይወጣሉ ይጠልቃሉ። የእኔ ኮድ ግን ቦታ እንደተገኘ ወዲያው ይዘጋል። በ3 ሰከንድ ውስጥ አዲስ ኤፌሜሪስ ማውረድ አይቻልም፤ 18 ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ነው። ስለዚህ ጎተራው እየጎደለ ሄዶ አንድ ሌሊት ላይ ባዶ ይሆናል። ያኔ ለራሱ ሲል ግማሽ ደቂቃ ይጠብቃል፤ ቦታውን ለማግኘት የሚበቁትን ሳተላይቶች መረጃ እንደያዘ እኔ በሩን እዘጋበታለሁ። ጎተራው ግማሽ ሳይሞላ።

መፍትሔው ሰነፍ ቢመስልም ይሠራል። በየ2 ሰዓቱ አንዴ፣ ቦታ ቢያገኝም ባያገኝም 40 ሰከንድ ነቅቶ ይቆይ። የሚታዩትን ሁሉ ኤፌሜሪስ ያድስ። በቀን 12 ጊዜ፣ 6 ሚሊአምፔር ሰዓት። ከሁሉም መነሳቶች ድምር ይበልጣል፤ ቢሆንም ገንዘብ አስቀምጦ እንደ መገበያየት ነው።

ድምሩ በቀን 9.7። ከባትሪው 640ው በእርግጥ ይገኛል ብል 66 ቀን ይሆናል። ለወዳጄ ደወልኩለትና ቀበቶውን እንዲያዘጋጅ ነገርኩት።

ቀን 7

ዝናብ። ሳጥኑን በሲሊኮን አሸግኩ። ሌላ ምንም።

ቀን 8

ላሟ ለበሰችው። ምንም አልመሰላትም። እኔ ነኝ ልቤ የሚመታው።

ቀን 9

ጠዋት ወዳጄ ደወለ።

«ስማ፣ ይሄ ነገር ሞቷል መሰለኝ፤ መብራት አያሳይም።»

«መብራቱን እኮ ነቅዬዋለሁ።»

«እንዴት ታዲያ ደህና መሆኑን አውቃለሁ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሄጄ ባትሪውን ለካሁ። አብዛኛው አልቋል። በአንድ ሌሊት!

መዝገቡ እንዲህ ይላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ላሟ በረት ውስጥ ነበረች። በረቱ የቆርቆሮ ጣሪያ አለው። ኮዴ ደግሞ ቦታ እስኪገኝ ጠብቅ ነው የሚለው። እስከ መቼ? አልነገርኩትም። ተቀባዩም ታዛዥ ነውና 10 ሰዓት ሙሉ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ ሰማይ ሲፈልግ አደረ። 10 ሰዓት በ52 ሚሊአምፔር 520 ነው። የሁለት ወር ቀለብ በአንድ ሌሊት።

በጠረጴዛ ላይ የሠራሁት ስሌት በሙሉ ሰማይ አለ ብሎ የሚያስብ ነበር።

ቀን 10

ተስፋ መቁረጥን አስተማርኩት። 60 ሰከንድ ፈልጎ ካጣ ይዘጋል። ቀጣዩ ሙከራ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ያም ካልሆነ በየሰዓቱ። አንዴ ሲያገኝ ወደ 15 ደቂቃው ይመለሳል። አሁን የበረቱ ሌሊት 10 ሙከራ ገደማ ነው፣ 8.7 ሚሊአምፔር ሰዓት። ከ520 ጋር ሲወዳደር ጽድቅ ነው፤ ከቀኑ በጀት ጋር ሲወዳደር ግን አሁንም ብዙ ነው።

60 ሰከንዱን ወደ 20 ባሳጥረውስ? አይሆንም። ጠዋት ከበረት ስትወጣ ኤፌሜሪሱ ሁሉ አርጅቷል፤ ለብ ያለ ጅማሬ ብዙውን ጊዜ 30 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ20 ላይ ከዘጋሁት ሜዳ መሃል ቆማም ቦታዋን አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም። ለማዳን ብዬ ጭራሽ እገድለዋለሁ።

ቀን 11

የእንቅስቃሴ መለኪያ ጨመርኩ። ጥቂት ማይክሮአምፔር ነው የሚበላው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ላም ከተኛች ቦታዋን አትቀይርም፣ ካልቀየረች ደግሞ ጂፒኤስ ምን ይሠራል?

አልተሳካም። ሌሊቱን ሙሉ «ትንቀሳቀሳለች» ሲል አደረ። ወዳጄን ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «ታመሰኳለች እኮ!» ተኝታ በየሰከንዱ አንዴ ገደማ ታኝካለች፤ አንገቷም አብሮ ይርገበገባል። እኔ የከተማ ልጅ መሆኔ እዚህ ጋ ተነቃ። የመለኪያውን ወለል ከፍ አደረግሁና፣ እንቅስቃሴው ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ ካልቀጠለ እንዳይቆጥረው አደረግሁ። ማመስኳት እንዳይቆጠር፣ መራመድ እንዲቆጠር ሁለቱን ማስታረቅ ሦስት ምሽት ወሰደብኝ።

ቀን 14

የበረቱ ሙከራ ወደ 3 ወርዷል። ቀን ቀን ግን አንዳንድ መነሳቶች 20 እና 40 ሰከንድ ይፈጃሉ፤ ሜዳ ላይ፣ ጠራራ ሰማይ ሥር።

ሄጄ ላሟን አየኋት። ቀበቶው ዞሮ ሳጥኑ ከጉሮሮዋ ሥር ተንጠልጥሏል። አንቴናው መሬት መሬቱን ያያል፤ በላዩ ላይ ያለው ደግሞ ላም ነው፣ ላም ማለት ደግሞ ለዚህ ሞገድ ውሃ የሞላ በርሜል ነው። የሲግናሉ ጥራት ከ42 ወደ 26 ወርዷል። የሚገርመው በ26ም ቦታ ማስላት አላቃተውም። የተቸገረው ኤፌሜሪስ ማውረድ ላይ ነው። የያዙትን ሳተላይት ላለመልቀቅ ደካማ ሲግናል ይበቃል፤ ያንን 50 ቢት አንድ በአንድ ሳይሳሳቱ ለማንበብ ግን ጠንከር ያለ ያስፈልጋል። አንዲት ቢት ከተበላሸች ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ነው፣ 30 ሰከንድ።

መድኃኒቱ ኤሌክትሮኒክስ አይደለም። ባትሪውን ከሳጥኑ አውጥቼ ከቀበቶው ታች አሰርኩት። ከባዱ ወደ ታች ሲጎትት አንቴናው ራሱ ወደ ላይ ይዞራል።

እግረ መንገዴን ግሎናስን፣ የሩሲያን የሳተላይት ሥርዓት፣ አጠፋሁ። የእሱ ሲግናል 1602 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ተቀባዩ ለእሱ ብቻ ሌላ ጆሮ ይከፍታል። የአውሮፓውን ጋሊሊዮን ግን አበራሁት። እሱ ከጂፒኤስ ጋር በአንድ ቦታ፣ 1575.42 ላይ ስለሚናገር ያው ጆሮ ይበቃዋል። ብዙ ሳተላይት ማብራት ሁልጊዜ ያባክናል የሚሉ አሉ። እኔ ግን አንድ ሰከንድ ቀድሞ የሚያስተኛኝን ሳተላይት በደስታ እቀበላለሁ።

ቀን 15

ባትሪው ሙሉ። የመጨረሻው ስሌት፦ የቀን መነሳቶች 2.1፣ የኤፌሜሪስ እድሳት 3.5፣ የበረት ሙከራ 2.6፣ እንቅልፍና ሌላው ሁሉ 1.1። በቀን 9.3፤ በወረቀት 68 ቀን። ለወዳጄ 60 አልኩት።

ለእሱ ስል አንዲት መብራት መለስኩ። ማግኔት ሲጠጋት ብቻ አንዴ ብልጭ ትላለች።

ቀን 68

ዛሬ ቆመ። ከመጨረሻው ቻርጅ 53ኛ ቀኑ ነው።

7 ቀን ጎድሏል። መዝገቡን ከኋላ ወደ ፊት አነበብኩ። እስከ 44ኛው ቀን ሁሉም ነገር እንደ ስሌቱ ነው፤ 3 ሰከንድ፣ 3 ሰከንድ። ከዚያ ወዲህ መነሳቶቹ መሃል ላይ እየተቆረጡ ነው። ተነስቶ ይጀምራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል፣ 60 ሰከንዱ ያልቃል።

ባትሪውን ለካሁት። 3.41 ቮልት። ገና ጉልበት አለው። ሬጉሌተሩ ግን 3.3 ለማውጣት ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ መግቢያ ይፈልጋል፤ ተቀባዩ ሲነሳ 52 ሚሊአምፔር ሲስብ ባትሪው ዘንበል ይላል፣ ሬጉሌተሩም አብሮት ይወርዳል፣ ሞጁሉም ድርግም። የመጀመሪያ ቀን መልቲሜትሩ ያደረገብኝን አሁን የራሴ ሬጉሌተር አደረገው።

ሞጁሉ ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ድረስ ይሠራል፤ ማይክሮኮንትሮለሩም በዚያ ውስጥ ነው። 3.3 የመረጥኩት እጄ ላይ የነበረው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ባለ 2.8 ቮልቱን አሁን በይጄ ጨረስኩ። ሳጥኑ ቻርጅ ላይ ነው፤ ላሟ ነገ ከበረት ሳትወጣ ትለብሰዋለች።